ዛሬስ ስንታችን ተበላን?

ዮርዲስ ክራገሉንድ ምድጃዋን ሦስት ጊዜ ሳታይ ከቤት አትወጣም። አንዴ አጥፍታ ታያለች፤ ጫማዋን አድርጋ ተመልሳ ታያለች፤ ብስክሌቷን ከፈታች በኋላ ደግሞ በኩሽናው መስኮት አጮልቃ ታያለች። ጎረቤቶቿ ለምደውታል። ሰባት ልብ ወለድ የጻፈች ሴት ትንሽ ነካ ቢያደርጋት ምን ይደንቃል ይላሉ። ሰው የሚያስፈራ መጽሐፍ የምትጽፍ እሷ ራሷ አትፈራም ብለው የሚያስቡም አሉ። ተሳስተዋል። ዮርዲስ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈሪ ናት። ከዚያ ከመጋቢት ማለዳ ወዲህ ግን ከምንም በላይ የምትፈራው የገዛ እጇን ነው።

ባለፈው መስከረም ልጇ ሲግነ ቤቷ መጥታ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፋ ቆመች። ጀርባዋ እየወጋት መቀመጥ ካቆመች ወር አልፏታል።

«እማ፣ ለቀዶ ሕክምናው ቀን ሰጡኝ። አስታን ዐሥር ቀን ትይዥልኛለሽ?»

«እኔ?»

«አይ፣ የጎረቤትሽ ድመት።»

«ባልሽ ያስፐርስ?»

«ያስፐር መርከብ ላይ ነው። እስከ ኅዳር ድረስ አይወርድም።» ሲግነ ጀርባዋን በመዳፏ ደገፈች። «ምንም አታስቸግርም እኮ። ትበላለች፣ እንደ አገሩ ሕፃን ሁሉ ደጅ ጋሪዋ ውስጥ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ትበላለች።»

«አስቤ ልንገርሽ።»

«ምኑ ነው የሚታሰበው? ልጅቷ ስምንት ወሯ ነው። አንድ ቀን ብቻሽን ይዘሻት አታውቂም። አንድ ቀን።»

ሲግነ ይህን ስትል አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ዮርዲስ ልጅቱን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትወዳት። ግን ጋሪውን ደጅ አውጥታ፣ ፍሬኑን ረግጣ፣ ወደ ቤት ስትመለስ ይታያታል፤ ከዚያም ፍሬኑን መርገጧን መርሳቷ ይታያታል። ከአትክልቱ ቦታ በታች መንገዱ ቁልቁል እስከ ፍዮርዱ፣ እስከ ባሕር ሰርጡ፣ ይወርዳል። እስከ ዓርብ መልስ እሰጥሻለሁ አለቻት።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። የደወለው ሰው ድምፅ ሻክሮ ነበር፤ ቢሆንም ለየችው።

«ስለ እኛ እየጻፍሽ ነው አሉ። ጋዜጣ ላይ አየሁት።»

«ቬርነር?»

«ሌላ ማን በሕይወት ቀርቷል? መጽሐፉን ሳትጨርሺ ነይ። ረቡዕ ነይ። ሐሙስ ጥፍሬን የሚቆርጡበት ቀን ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። እርግጥ አሳታሚዋ ከእንስሳት ጋር የሠራችበትን ዘመን ትዝታ ጻፊልን ብሏት ነበር፤ ብዙውን ጽፋዋለች። ግመሉ የከንቲባውን ባርኔጣ የበላበትን ጽፋለች፣ ፔንግዊኖቹን በበረዶ ላይ ለሰልፍ ያወጡበትን ጽፋለች። ያንን ማለዳ ግን አልጻፈችውም። እንግዲህ ቬርነር ሊናገራት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያልወቀሳት ሰው፣ ከመሞቱ በፊት በአንቺ ስንፍና ልትሞቺብኝ ነበር ሊላት ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ።

በሃያ ሁለት ዓመቷ ወደ ከተማው የእንስሳት ማቆያ የሄደችው አበባ ለመትከል ነበር። ቢሮው ውስጥ ወረፋ ስትጠብቅ የድቦቹ ቤት ኃላፊ ቬርነር ገባ። አፍንጫው ቀይ፣ ቦቲው እስከ ጉልበቱ፤ ከእግሯ እስከ ራሷ ቃኛትና ለጸሐፊዋ «ይቺ ረጅም ናት፤ የላይኛው መቀርቀሪያ ላይ ትደርሳለች። ለእኔ ትሁን» አለ። እሷም ፈሪ ነኝ ማለት አሳፈራት። ሰው ፈሪ መሆኑን ለመናገርም ድፍረት ይጠይቀዋል፤ ይህ ድፍረት ስላልነበራት ስድስት ዓመት ከድብ ጋር ኖረች።

የድቦቹ ቤት አሠራር ቀላል ነው። ውስጥ ማደሪያው አለ፣ ውጭ ገንዳ ያለው ግቢ አለ፣ በመካከላቸው ከመተላለፊያው ሆነው በሰንሰለት ወደ ላይ የሚስቡት የብረት በር አለ። ማደሪያውን ለማጠብ የሚገባ ሰው፣ ድቧ ውጭ እያለች፣ ቁጥሩ የተቀረጸባትን የናስ ምልክት ከሰንሰለቱ በላይ ባለው መንጠቆ ይሰቅላል። መንጠቆው ላይ ምልክት ካለ ሰንሰለቱን ማንም አይነካም። ሰውየው ሲወጣ ምልክቱን አውርዶ ቡና ክፍል ካለው ሰሌዳ ላይ ይመልሳታል። የዮርዲስ ቁጥር ዐሥራ አራት ነበር።

«ሕጉ ይኸው ነው፣ ሌላ ሕግ የለም» ይል ነበር ቬርነር። «አንበሳ ሲቆጣ ያስታውቃል፤ ጅራቱን ያያሉ፣ ጆሮውን ያያሉ። ነጭ ድብ ግን ፊት የለውም። ሲጫወትም፣ ሰው ሊበላ ሲመጣም ያው ነው።»

ኦልጋ የምትባለዋ ነጭ ድብ ሦስት መቶ ኪሎ ትመዝን ነበር። ዮርዲስ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ስትመጣ፣ ገና ከበሩ ሳትደርስ፣ የቀኑን አደጋ ሁሉ በሐሳቧ ትደረድራለች። የትኛው በር ይረሳል? ማን ይቸኩላል? ማን ያዳልጠዋል? ማደሪያውን ልታጥብ ስትል መጥረጊያዋን ለማምጣት ከመሄዷ በፊት ምልክቷን ትሰቅላለች። አጥባ ከወጣች በኋላም እስከ ምሳ ሰዓት አታወርዳትም፤ ምናልባት የረሳችው ነገር ኖሮ ተመልሳ ትገባ ይሆናል ብላ። ቬርነር ሰንሰለቱን መሳብ ሲፈልግ የእሷ ምልክት እንደ በዓል ጌጥ ተንጠልጥላ ያገኛታል፤ ማደሪያው ግን ባዶ ነው። ያወርዳትና ቡና ክፍል ገብቶ ከጥቁር ዳቦዋ አጠገብ ይወረውርላታል።

«እዚህ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ እዚያ ውስጥ ያለሽ መስሎኝ አልቅሼልሽ መጣሁ።»

«ለጥንቃቄ ነው።»

«ፈሪ ለእናቱ ነው አሉ። እናትሽ የታደለች ናት።» ከዚያ ቡናውን እየቀዳ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ይጠይቃታል፦ «ዛሬስ ስንታችን ተበላን?»

መጀመሪያ ሰሞን እንባዋ ይመጣ ነበር። ኋላ ግን መመለስ ጀመረች። «አንድ። ፕሬበን» ትላለች። «የጓዳውን በር በክርኑ ገፋ አድርጎት ስለሄደ። አልተዘጋም። ኦልጋ በአፍንጫዋ ከፈተችው። ፕሬበን በዚያ ሰዓት ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነበር፣ ግራውን።» ታሪኩን እስከ ጫማው ክር ድረስ ትነግራቸዋለች። ሁሉም ይስቃሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሥራ አለቃቸው ፕሬበን ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ይልና የጓዳውን በር አይቶ ይመለሳል። ዮርዲስ ልብ ወለድ መጻፍ የተማረችው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቷ የቡና ክፍሉ ነበር፣ መምህሯ ፍርሃት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

በስድስተኛው ዓመቷ፣ በመጋቢት፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ጠዋት፣ ዮርዲስ ማደሪያው ውስጥ ሆና ወለሉን ትፈገፍግ ነበር። የኦልጋ ቁርስ፣ ባልዲ ሙሉ ዓሣ፣ ከጥጉ ተቀምጧል። ጀርባዋን ለብረቱ በር ሰጥታለች። ሰንሰለቱ ተንቀጫቀጨ።

ድምፁን ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ትሰማዋለች። ግን ከውጭ ሆና እንጂ ከውስጥ ሆና ሰምታው አታውቅም። ዞር ስትል በበሩ ሥር የጣት ያህል ብርሃን ነበር። ከዚያ የክንድ ያህል ሆነ። ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ የዓሣና የእርጥብ ጠጉር ሽታ ገባ፣ ከዚያ ጥቁር አፍንጫ ገባ። በሩ እስከ ላይ ተነሣ፤ ኦልጋ ራሷንና ትከሻዋን አስገብታ ቆመች። ፊት የላትም፤ ቬርነር እውነቱን ነው። ትንንሽ ዓይኖቿ የዮርዲስን ቦቲ አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ እንደገና ቦቲውን አዩ።

ዮርዲስ በመተላለፊያው ፍርግርግ የቬርነርን ፊት አየችው። እንደ ኖራ ነጥቷል። በሩን መልቀቅ አይችልም፤ ኦልጋ ጀርባዋ ላይ ብረቱ ቢወድቅባት የምትዘለው ወደ ፊት ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሰንሰለቱን ግድግዳው ላይ ካለው ችንካር አሰረው፣ ከዚያ ፊቱ ጠፋ። ጥሎኝ ሸሸ ብላ አሰበች። ያን ጊዜ ያደረባት ብቸኝነት ከድቧ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ኦልጋ አንድ እርምጃ ገባች። ትንፋሿ የዮርዲስን ጉልበት ሞቅ አደረገው።

ከውጭ ግቢ በኩል ባልዲ ሲደበደብ ተሰማ። ቬርነር ነው። በየጠዋቱ ኦልጋን ለምግብ የሚጠራው እንዲሁ ነበር። ደበደበ፣ ደበደበ። ኦልጋ ጆሮዋን ቀና አደረገች። አልቸኮለችም። እያንዳንዱን እግሯን እያሰበችበት ወደ ኋላ ወጣች። ዮርዲስ በግድግዳው ተጎትታ መተላለፊያው ውስጥ ገባች፣ ሰንሰለቱን ለቀቀች፣ የመተላለፊያውን በር ቀረቀረች። መቀርቀሩን አየች። ተመልሳ አየች። ለሦስተኛ ጊዜ ስታይ ፕሬበን ትከሻዋን ያዛት።

ፕሬበን መጀመሪያ ያየው መንጠቆውን ነው። ባዶ ነበር። ቡና ክፍል ሄዶ ሲያይ ዐሥራ አራት ቁጥር ሰሌዳው ላይ፣ በቦታዋ፣ ተሰቅላለች። ቬርነር በዝናብ ረጥቦ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምልክትሽን አልሰቀልሽም?» አላት ፕሬበን።

ዮርዲስ ለማስታወስ ሞከረች። ስትሰቅል ታያት፤ ግን ይህ የዛሬው ነው ወይስ የትናንቱ? ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የሰቀለች እጅ፣ አንዱን ጠዋት ከሌላው በምን ትለያለች?

«ረስቼው ይሆናል» አለች።

ማንም አላባረራትም። በሁለት ሳምንቷ ራሷ ለቀቀች፤ ምልክቷን ሰሌዳው ላይ ትታ ወጣች። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቬርነር ቡናውን ቢቀዳም ስንታችን ተበላን ብሎ አልጠየቃትም። ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረች፤ ጻፈች፤ አገባች፤ ሲግነን ወለደች። እባብ ያየ በልጥ ደነበረ እንዲሉ፣ ሕፃኗን የሚያጥባት ባሏ ነበር። ውሃው ቢሞቅስ? እጄ ቢስትስ? ባሏ አምስት ዓመት ችሎ በስድስተኛው ሄደ። በሰባቱም መጽሐፎቿ ውስጥ አንድ ሰው አንድ በር ይረሳል። አንባቢዎቿ በየስብሰባው ሐሳቡን ከየት ታመጪዋለሽ ሲሏት፣ ከምናቤ ነው ትላለች፣ ውሸቷን።

ረቡዕ ዕለት ቬርነር የሚኖርበት የአረጋውያን ቤት ደጃፍ ደረሰች። ሁለት ጊዜ ዞራ ልትመለስ ብላ፣ ብስክሌቷን ቆልፋ፣ ቁልፉን ስባ ሞክራ፣ ገባች።

ቬርነር ዘጠና ዓመቱ ነው። ያ ሁሉ ሰውዬ አልቆ ወንበሩ ሰፍቶታል። በመስኮቱ ፍዮርዱ ይታያል፣ ዝይዎች ይጮሃሉ።

«ቁጭ በይ። ቡናው በርዷል። ስለዘገየሽ ነው።»

«በሰዓቴ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ቀድሜ የቀዳሁት።» ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ያንን ጠዋት ጽፈሽዋል?»

መጣ፣ አለች በልቧ። እጇን ከጠረጴዛው በታች አደረገች። «አልቻልኩም። ምን ብዬ ልጻፍ? ምልክቴን መስቀል ረሳሁ፣ አንተን ነፍሰ ገዳይ ላደርግህ ነበር ብዬ?»

«አልረሳሽም» አለ ቬርነር።

ከሹራቡ ኪስ ትንሽ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የናስ ናት። ከመወልወል ብዛት ዐሥራ አራት ቁጥሯ ልትጠፋ ደርሳለች።

«ተሰቅላ ነበር። ያወረድኳት እኔ ነኝ።»

ዮርዲስ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው።

«አንቺ ውስጥ ኖርሽም አልኖርሽም ተሰቅላ ነው የምትውለው። በዚያ ሳምንት ብቻ አራቴ አውርጄ ወርውሬልሻለሁ። ያን ዕለትም ያው መሰለኝ። ኪሴ ከተትኳት፣ ሰንሰለቱን ሳብኩ። አልተጣራሁም። በፍርግርጉ እንኳ አላየሁም። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ እየው እየው ስል የኖርኩ ሰውዬ አላየሁም።» ትንፋሹን እስኪያገኝ ቆመ። «ድቧ ከወጣች በኋላ በቡና ክፍሉ በኩል ዞርኩ። ሰሌዳው ላይ ሰቀልኳት።»

«አርባ ዓመት ሆነው እኮ፣ ቬርነር።»

«ሚስቴ ኤልና ታማ ነበር። የምንኖርበት ቤት የእንስሳት ማቆያው ነበር። ቢያባርሩኝ እንዲያ ሆና ወዴት ነው ይዣት የምሄደው? እንዳይዘገይ ዛሬውኑ ለፕሬበን እናገራለሁ እያልኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንቺ ረስቼው ይሆናል አልሽ። ከዚያ ሆድ ይፍጀው አልኩ።» መዳፉን ሆዱ ላይ አደረገ። «ፈጀውም።»

ዮርዲስ ተቆጣች። እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም፤ ቁጣውም ራሱ አስፈራት፣ ኩባያ ሙሉ ቡናውን ልትደፋበት እጇ ተንቀሳቅሶ ነበር።

«ልጄን አንድ ቀን ብቻዬን አላጠብኳትም» አለች። «ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አሁን እወቅ።»

አንገቱን ደፋ። ጉልበቱ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ እስከ ደረቱ ሳበው፤ ብርድ ነው ብላ ልታልፈው አልቻለችም። ሰውየው ፈርቷል። የድብ አፍ ሥር በባዶ እጁ ዓሣ የሚያቀብል የነበረ ሰውዬ እሷን ፈርቷታል። ብትጽፈው፣ በቀረችው ዕድሜው የሚያውቁት ሁሉ ያነቡታል።

ምልክቷን አነሳቻት። ቀላል ናት። አልረሳሁም፣ አለች ለራሷ። እጄ ሰቅሏታል። ደስታው ግን ሙሉ አልሆነላትም። በየቀኑ፣ ስትወጣም፣ ለጥንቃቄ ብላ እዚያው ትተዋት የነበረችውም ይቺው እጅ ናት። ሁልጊዜ ተሰቅላ የምትውልን ምልክት ማን ያምናታል? ፍርሃቷ ራሱ ምልክቷን ዋጋ አሳጥቷት ነበር፤ ይህን ቬርነር አልተናገረም፣ መናገርም አላስፈለገውም።

ዝይዎቹ ተነሱና ሄዱ።

«ዛሬስ» አለ ቬርነር፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣ «ዛሬስ ስንታችን ተበላን?»

ዮርዲስ የበረደውን ቡና እስከ አተላው ጠጣችው።

«ሁለት» አለች፣ ምልክቷን ኪሷ እየከተተች።

ዓርብ ሳይደርስ፣ ሐሙስ፣ ለሲግነ ደወለች።

በጥቅምት መጀመሪያ አስታ መጣች፣ ከነጋሪዋ፣ ከነጥርሷ። ሲግነ የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላ በመስኮቱ ሦስት ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ብላ ጠየቀቻት፤ ዮርዲስ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሂጂ አለቻት። ከቀትር በኋላ ሕፃኗን ሸፋፍና አትክልቱ ቦታ አወጣቻት፣ ጋሪውን ከፖም ዛፉ ሥር አቆመችው፣ ፍሬኑን ረገጠች። ወደ ቤት ገብታ ከጓሮው በር አጠገብ ወደመታችው ሚስማር ሄደችና ዐሥራ አራት ቁጥርን ሰቀለቻት። ከዚያ መስኮቱ ሥር ቆማ ጋሪውን አየች። ልቧ እንደ ድሮው ነው የሚመታው። ነፋስ ቅጠል ባነሳ ቁጥር እጇ የበሩን እጀታ ይይዛል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተቀመጠችም፣ አንድ መስመር አልጻፈችም።

አስታ ስታለቅስ ሮጣ ወጣች፣ አቀፈቻት፣ አስገባቻት፣ በሩን ዘጋች። ሕፃኗ ጉንጯ ቀዝቅዞ፣ አንገቷ ሞቅ ብሎ፣ የእንቅልፍ ሽታ ትሸታለች። ወተት ልታሞቅላት ወደ ምድጃው ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ዮርዲስ ቆመች። ልጅቷን በግራ ክንዷ እንደያዘች ወደ ጓሮው በር ተመልሳ ምልክቷን ከሚስማሩ አወረደች።